ማይክሮፎን የማይሰማው ኮምፒውተር፦ ስለ ፋን፣ ስለ ኬዝና ስለ አዲስ አበባ አየር

የትረካ ሥራዬን የምሠራው ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ማይክሮፎኑም፣ ኮምፒውተሩም፣ እኔም የምንውለው እዚያው ነው። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ከመስታወት ማዶ ያስቀምጣሉ፤ እኔ ማዶ የለኝም። ስለዚህ አዲስ ዴስክቶፕ በራሴ ለመገጣጠም ስነሳ ከፍጥነቱም ከመልኩም በፊት ያሳሰበኝ ማይክሮፎኑ እንዳይሰማው ነበር። ዕቃዎቹን ስመርጥ፣ ስገጥምና ስጠቀምባቸው ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ፤ ለድምፅ ሥራ፣ ለሬዲዮ ዝግጅት ወይም ሌሊት ሕፃን በተኛበት ክፍል ለሚሠራ ሰው እንደሚጠቅም አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ፀጥታ የሚጀምረው ከፕሮሰሰር (ስሌቱን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ምርጫ ነው። ትንሽ ሙቀት የሚያወጣ ፕሮሰሰር፣ ቀጥሎ ትልቅ ሂትሲንክ (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚቀበል ብረት)፣ ቀጥሎ በዝግታ የሚዞር ትልቅ ፋን (ማራገቢያ)። በዚህ ቅደም ተከተል የገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ ባያወጣም ይሳካለታል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ግን በገበያ ላይ ያለውን ምርጥ ፋን ቢሰበስብም ከጩኸት አያመልጥም፤ ሙቀቱ ካለ ፋኑ የግድ መሮጥ አለበትና።

መጀመሪያ ስለ መለኪያዬ። የምቀዳበት ሮድ ኤንቲ1 ማይክሮፎን ከራሱ የሚያወጣው ድምፅ 4.5 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ የክፍሉ ነው ማለት ነው፤ ማይክሮፎኑን ማማረር አይቻልም። ኤሲኤክስ የተባለው የአማዞን የድምፅ መጽሐፍ መድረክ ከተራኪዎች የሚቀበለው የጀርባ ድምፁ ከኔጌቲቭ 60 ዴሲቤል (ከቅጂው የድምፅ ጣሪያ ወደ ታች ሲቆጠር) ያልበለጠ ቅጂ ነው። ለእነርሱ ባልሠራም ይህን ቁጥር እንደ ገደብ ይዤዋለሁ። በጆሮ ማዳመጫ የሚያዳምጥ ሰው፣ በሁለት አንቀጾች መካከል ትንፋሽ ስወስድ ከኋላዬ አንድ ነገር ሲነፋ ከሰማ ከታሪኩ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። የምቀዳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው። ታክሲው አርፎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከመከፈቱ በፊት። በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ትልቁ ድምፅ የኮምፒውተሩ ነው።

ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 ነው። ባለ6 ኮር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በ229 ዶላር የወጣ። መጨረሻው ላይ ኤክስ የተጨመረበት ወንድሙ፣ 7600ኤክስ፣ ሲወጣ 299 ዶላር ነበር፤ ካርቶኑ ላይ 105 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን ሲጫን እስከ 142 ዋት ይወስዳል። የእኔው 65 ዋት ተብሎ እስከ 88 ዋት ይደርሳል። በሥራ ላይ ያላቸው ልዩነት ግን በጣም ጠባብ ነው። እኔ ሪፐር በሚባለው የድምፅ ፕሮግራም ስቀዳ፣ ስቆርጥና ሳጸዳ፣ ኤክስ ያለውን ብገዛ ኖሮ የማገኘው ትርፍ ሙቀት ብቻ ነበር። ከዚህም አልፌ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የቅንብር ገጽ) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚለውን የኃይል መቆጠቢያ ከፍቼ ወደ 45 ዋት ደረጃ አወረድኩት፤ ያኔ ሲጨናነቅ እንኳ ከ60 ዋት ብዙም አያልፍም። አንድን ምዕራፍ ወደ ኤምፒ3 ሲቀይር ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል። እነዚያን ሰከንዶች በደስታ እሰጠዋለሁ።

ሌላው ይህን ፕሮሰሰር ያስመረጠኝ ነገር ምስልን ወደ ስክሪን የሚያወጣው ክፍል በውስጡ ያለ መሆኑ ነው። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ግራፊክስ ካርድ ማለት ተጨማሪ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ፋኖች ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ሥራ ሲቀል ፋናቸውን ያቆማሉ፤ ነገር ግን ቆሞ መነሳቱ ራሱ ይሰማል። ለድምፅና ለጽሑፍ ሥራ የሚገጣጥም ሰው ይህን ወጪ ሙሉ በሙሉ ይዝለለው። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ እርሱን ስለ ኬዝ (ዕቃው ሁሉ ስለሚገባበት ሣጥን) ስንጫወት አነሳዋለሁ።

ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ። ይሠራል፤ ለቢሮ ሥራም ይበቃል። ነገር ግን ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያስወግደው በፋኑ ፍጥነት ነው። ስለዚህ በምትኩ ቴርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ አስመጣሁ። ከዚህ ሁሉ ግዢ ለአንዱ ብቻ አድናቆት ስጪ ብባል ለዚህ እሰጠዋለሁ። 35 ዶላር ገደማ ለሆነ ዕቃ ስድስት የሙቀት ቱቦዎች፣ ሁለት የአሉሚኒየም ማማዎችና ሁለት ባለ120 ሚሊ ሜትር ፋኖች ይዟል። ቁመቱ 155 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኬዝ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ቁጥር ጻፉት፤ ጠባብ ኬዝ ውስጥ ክዳኑ አይዘጋም። በዚህ መስክ ለብዙ ዓመታት መመዘኛ ሆኖ የቆየው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኖክቱዋ ኤንኤች ዲ15 ነው፤ እርሱ 165 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው፤ ዋጋውም የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ብዙ ሙቀት የሚያወጣ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ለእርሱ ይክፈል። ለ60 ዋት ግን ፒርለስ አሳሲን ይተርፋል።

አገጣጠሙን ቀረብ ብዬ ላሳያችሁ፤ ሰዎች የሚፈሩት እዚህ ላይ ነውና። ማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ላይ በፕሮሰሰሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች በአራት ብሎን ይነቀላሉ፤ ከጀርባ ያለው የብረት ሳህን ግን ባለበት ይቆያል። በፕላስቲኮቹ ቦታ የማቀዝቀዣው የራሱ የብረት ድልድዮች ይገባሉ። ከዚያ ተርማል ፔስት፤ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት። የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች የብረት ክዳን ጠርዙ ዙሪያውን የተቆራረጠ ነው፤ ፔስት ከበዛ ወደ ክፍተቶቹ ይገባና ለማጽዳት ያስቸግራል። መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ቀሪውን የሂትሲንኩ ክብደት ይዘረጋዋል። ሂትሲንኩን ሲያስቀምጡ ሁለቱን ብሎኖች ተራ በተራ፣ በየተራው ግማሽ ዙር ያህል ማጥበቅ ነው። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ብረቱን በአንድ ወገን ያዘነብለዋል፤ ውጤቱም ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ይታያል። ከላይ ሲነኩት ከማማው ጋር ማዘርቦርዱ አብሮ ሲነቃነቅ ከተሰማችሁ፣ በትክክል ጠብቋል ማለት ነው።

ከሁለቱ ፋኖች የፊተኛውን አውጥቼ በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለውን ብቻ ተውኩት። የሙቀቱ ልዩነት በዚህ ኃይል ጥቂት ዲግሪ ነው። አንድ ፋን ቀነሰ ማለት ደግሞ አንድ የድምፅ ምንጭ ቀነሰ ማለት ነው፤ እኩል የሚጮሁ ሁለት ፋኖች ከአንዱ በ3 ዴሲቤል ይበልጣሉ።

ከዕቃ ምርጫ ወጣ ብዬ ስለ ከተማችን አየር የምለው አለኝ፤ በውጭ አገር የተጻፈ ግምገማ ሁሉ ይህን አይነግረንምና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ አካባቢ ነው። ፋን የሚገፋው የአየር ይዘት በዙር ብዛቱ ይወሰናል፤ ያ አየር ግን እዚህ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ሃምቡርግ ወይም ታይፔ ላይ ተለክቶ 60 ዲግሪ የተባለ ፕሮሰሰር እዚህ በተመሳሳይ የክፍል ሙቀትና በተመሳሳይ ዙር ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቡናችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የዚህ ነገር ምክንያት አይጠፋውም፤ ምንጩ አንድ ነው።

በሌላ በኩል ከተማችን የምትክሰን ነገር አላት። ክፍሌ ሌሊት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር አላውቅም። የፕሮሰሰር ሙቀት ማለት የክፍሉ ሙቀት ሲደመር ከዚያ በላይ የሚጨምረው ነው፤ ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ፕሮሰሰሩም ወደዚያ ገደማ ይወርዳል። ድሬዳዋ ያለ ሰው በ1,200 ሜትር ከፍታ የተሻለ ወፍራም አየር ያገኛል፤ ክፍሉ ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእኔን ቁጥሮች ሳትመዝኑ አትውሰዱ። ለእኛ ለደጋ ሰዎች የምመክረው፣ ሂትሲንክ ስትመርጡ የውጭ ግምገማ ይበቃል ከሚለው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ብረት አንዴ ይገዛል፤ ድምፅ የለውም፤ ኤሌክትሪክም አይበላም።

አሁን ወደ ፋኖቹ። አንድ ሕግ ብቻ ብትይዙ ይበቃል፦ የፋንን ዙር በግማሽ መቀነስ ድምፁን ወደ 15 ዴሲቤል ያህል ያወርዳል፤ የሚገፋው አየር ግን በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ለጆሮ 10 ዴሲቤል ማለት ድምፁ በግማሽ እንደቀነሰ የሚሰማን ነው። እንግዲህ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ከሚዞር አንድ ፋን ይልቅ በ600 የሚዞሩ ሁለት ፋኖች ያንኑ አየር እያንቀሳቀሱ እጅግ ዝም ይላሉ። በባለ120 ሚሊ ሜትር ፈንታ ባለ140 መምረጥም ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ትልቅ ክንፍ ለመሮጥ አይገደድም።

ለኋላ መውጫው የገዛሁት ኖክቱዋ ኤንኤፍ ኤ12ኤክስ25 ነው። ይህ የኦስትሪያ ኩባንያ ፋን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው። በሙሉ ፍጥነቱ 2,000 ዙር ይደርሳል፤ በዚያም ፍጥነት አምራቹ የሚሰጠው ቁጥር 22.6 ዴሲቤል ነው። በክንፎቹ ጫፍና በክፈፉ መካከል ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አየሩ በጎን እንዳያፈተልክ። እንዲህ የጠበበ ክፍተት ያለው ክንፍ ለዓመታት ሲዞር ፕላስቲኩ ከተለጠጠ ክፈፉን ይነካል፤ ስለዚህ ክንፎቹ የማይለጠጥ ልዩ ፖሊመር ናቸው። የስድስት ዓመት ዋስትናም አለው። ዋጋው ግን ከ30 ዶላር በላይ ነው፤ ሁለት ፋን ከያዘው ከሙሉው ፒርለስ አሳሲን ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረው። ይገባዋል ወይ? ለአንድ ቦታ፣ አዎ። የኋላውን ፋን ከውጭ የሚለየው ምንም መጋረጃ የለም፤ ድምፁ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዶ ይመለሳል። እዚያ ቦታ ላይ ምርጡን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ኬዙን በሙሉ በእርሱ መሙላት ግን አያስፈልግም። ቡናማና ክሬም ቀለሙን ብዙ ሰው አይወድደውም፤ እኔ ወድጄዋለሁ፤ ደግሞ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ ማን ያየዋል?

ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው አርክቲክ ፒ12 አለ፤ አምስቱ በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ፤ የዋጋውን ያህልና ከዚያም በላይ ይሠራል። ከእርሱ በታች ስሙ የማይታወቅ፣ ባለ ብዙ ቀለም መብራት ፋን ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ሱቁ ውስጥ እንዲያስነሱላችሁ ጠይቁና ፋኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ፤ ቀጥ አድርጉት፤ ከዚያ አስተኙት። የአየሩን ሹሹታ እርሱት፤ እርሱ አይጎዳም። የምትፈልጉት በእያንዳንዱ ዙር የሚመጣ ትክ፣ ትክ የሚል ድምፅ ወይም አንድ ወጥ እዬዬ ነው። ያ የመሽከርከሪያው ሕመም ነው፤ እያደር ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ሹሹታ በሁሉም ድምፆች ላይ ተበትኖ ስለሚመጣ ጆሮ ይረሳዋል፤ አንድ ወጥ እዬዬን ግን ጆሮ ከሩቅ ይለቅመዋል፤ ማይክሮፎንም እንዲሁ።

ከፋኑ ምርጫ ይልቅ ልዩነት ያመጣልኝ የፋኑ አነዳድ ነው፤ ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡልኝ። ራይዘን ፕሮሰሰር አንድ ገጽ ሲከፈት ለአንድ ሰከንድ ሙቀቱ በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊዘል ይችላል፤ ወዲያው ይመለሳል። ማዘርቦርዱ ከፋብሪካ የመጣበትን ቅንብር ከተዋችሁት ፋኑ ይህን ዝላይ ተከትሎ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። አማካይ ድምፁ ትንሽ ቢሆንም ይህ መነሳትና መውረድ ለቅጂ መርዝ ነው። ድምፅ የሚያጸዱ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ከጸጥተኛ ቦታ ናሙና ወስደው ያንኑ ከሌላው በመቀነስ ነው፤ የጀርባው ድምፅ ካልተለወጠ ያጠፉታል፤ ከተለወጠ ግን ናሙናው አይገጥምም፤ ድምፅዎ ውሃ ውስጥ እንደተቀዳ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ገብቼ የፋኑን መስመር (በየሙቀቱ በምን ፍጥነት እንደሚዞር የሚወስነውን) ጠፍጣፋ አደረግሁት። ከዝቅተኛው ሙቀት ጀምሮ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ አንድ ወጥ ፍጥነት፣ በደቂቃ 600 ዙር አካባቢ። ከ70 በላይ ቀስ እያለ ይወጣል፤ 85 ላይ ሙሉ ይሆናል፤ ይህ ለደኅንነት ነው፤ ስቀዳ ደርሶ አያውቅም። ማዘርቦርዱ ከፈቀደ ፋኑ ለሙቀት ለውጥ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚጠብቅበትን ጊዜም አርዝሙት። ለዚህ ሁሉ ባለ4 ሽቦ መሰኪያ ያላቸውን ፋኖች ግዙ፤ አራተኛው ሽቦ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው። ባለ3 ሽቦዎቹ የሚታዘዙት ቮልቴጅ በመቀነስ ነው፤ በጣም ሲቀንስባቸው አንዳንዶቹ ለመነሳት ይቸገራሉ። ይህን ቅንብር ከያዝኩ ወዲህ ስቀዳ ፕሮሰሰሩ ከ40ዎቹ መሐል ብዙም አይወጣም፤ ረጅም ፋይል ሲቀይር 60 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ የሚፈቀድለት 95 ነው። ገና ብዙ ቦታ አለ።

አንድ ሻጭ ዕቃ ስጠይቅ፣ «እህቴ፣ ፀጥታ ከፈለግሽ የውሃ ማቀዝቀዣ ነው የሚያዋጣሽ፤ ፋን ድሮ ቀረ» አለኝ። በትህትና ሰምቼው አልገዛሁም። ውሃው ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ራዲያተር ይወስዳል እንጂ አያጠፋውም፤ ራዲያተሩ ላይ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ፋኖች አሉ። ከዚያ ሌላ ፓምፕ ይጨመራል፤ ፓምፕ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ የሚዞር፣ አብዛኛውን ጊዜ የማይቆም ሞተር ነው። 250 ዋት ለሚያወጣ ፕሮሰሰር ተገቢ መልስ ነው። 60 ዋት ላለው ሰው ግን አንድ ተጨማሪ የድምፅ ምንጭና አንድ የሚያረጅ ሞተር ነው፤ ፓምፑ ሲሞት መለዋወጫውን እዚህ ከየት ያመጣል? የፒርለስ አሳሲን ፋን ቢሞት በማንኛውም ባለ120 ሚሊ ሜትር ፋን ይተካል፤ ብረቱ እንዳለ ነው።

ኬዙ ፍራክታል ዲዛይን ዲፋይን 7 ኮምፓክት ነው፤ የስዊድን ኩባንያ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የተሸጠ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ከፕሮሰሰሩና ከፋኑ ጋር ሮክቪል ካለው ማይክሮ ሴንተር ገዝታ አመጣችልኝ። በዋሽንግተን ዙሪያ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሱቅ ይወቀው፤ ዕቃውን በእጅ ዳስሶ መግዛት የሚቻልበት ነው፤ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድና ራም አንድ ላይ ለሚገዛ ቅናሽ ያደርጋል። ኬዙን እህቴ ከነካርቶኑ እንደ አንድ ሻንጣ አስቆጠረችው፤ ውስጡን በልጆች ልብስ ሞላችው። ልብሱ ብረቱ እንዳይጎብጥም ደገፈው፤ አንድ ጭረት ሳይኖርበት ደረሰ።

የዚህ ኬዝ በጎ ነገር ከባድነቱ ነው። የጎን ክዳኖቹ ከውስጥ በድምፅ መምጠጫ ተለብጠዋል፤ የፊቱ በር እንደ ቁም ሣጥን ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ አየሩ በበሩ ጎን ባሉ ክፍተቶች ይገባል። ለጣሪያው ሁለት ክዳን ይሰጣሉ፤ አንዱ ድፍን፣ አንዱ አየር የሚያስወጣ። እኔ ድፍኑን አድርጌዋለሁ፤ ማይክሮፎኑ ከጠረጴዛ በላይ ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ በቀጥታ ያገኘዋል። እስከ 169 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ማቀዝቀዣ ይቀበላል፤ ፒርለስ አሳሲን በምቾት ገባ። አብሮት ፊት ለፊት አንድ ባለ140፣ ከኋላ አንድ ባለ120 ፋን ይመጣል፤ የፊቱን ባለበት ተውኩት፤ የኋላውን በኖክቱዋው ተክቼ ወደ ፊት አዛወርኩት። ሁለት አስገቢ፣ አንድ አስወጪ ሲሆን በኬዙ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ከፍ ስለሚል አየር የሚገባው በማጣሪያው በኩል ብቻ ነው። በጋ ላይ የሰሚትን አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አቧራ ሂትሲንኩ ላይ ሲጋገር ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋኑ ይፈጥናል፣ ፀጥታው ያበቃል። ማጣሪያዎቹ በእጅ ተስበው ይወጣሉ፤ በውሃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ ወዳጆቼን ላስታውስ። ይህ የተዘጋ ኬዝ ለእኔ 60 ዋት ተስማሚ ነው። 170 ዋት የሚበላ፣ እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለ ካርድ ለሚገጥም ሰው ግን የተዘጋው በር አየር ይከለክለዋል፤ ካርዱ ሲሞቅ ፋኖቹ ይፈጥናሉ፤ ያን ጩኸት የትኛውም ልባስ አይውጠውም። እናንተ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ግዙና ፋኖቹን አዝግሟቸው። በዚህ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው ስንት ዋት አለህ በሚለው ጥያቄ ይመስለኛል።

ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ኮርሴር አርኤም650ኤክስ ነው። ይህ ኮምፒውተር 650 ዋት አይፈልግም፤ ሲሠራ ከ100 ዋት በታች ነው የሚወስደው። ትልቅ የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ፓወር ሰፕላይ ጭነቱ ዝቅተኛ እስከሆነ ድረስ ፋኑን ጨርሶ አያስነሳም። በእኔ አጠቃቀም ፋኑ አይዞርም። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በ220 ቮልት ይቃጠላል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ይህ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ የሚለወጠው ገመዱ ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አንብቡ፤ ሁሉም እንዲህ አይደለም።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው የድምፅ ምንጭ ነው። ማታ ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያኔ ዩፒኤሱ ውስጥ ያለው የቮልቴጅ ማስተካከያ ቀጭ ብሎ ይቀያየራል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ቀጭ። ይህች ቀጭታ ቅጂው ላይ ከሹሹታ ሁሉ ትብሳለች፤ ከቃል መሐል ገብታ አናባቢውን ትቆርጠዋለች። የእኔ ዩፒኤስ ኮሪደር ላይ ነው፤ ገመዱ በበሩ ሥር ያልፋል። ስትገዙም የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ሞገድ ንጹሕ ሳይን (ለስላሳ ሞገድ) የሆነውን ጠይቁ፤ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች መብራት ጠፍቶ ወደ ባትሪ ሲዛወሩ እንደ ደረጃ እየዘለለ ከሚወጣና ከሚወርድ ሞገድ ጋር የማይስማሙበት ጊዜ አለ።

ሃርድ ዲስክ አላስገባሁም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያሰማውም ጉምጉምታ በ120 ኸርዝ ነው፤ ይህ የወንድ ድምፅ ያለበት ሥፍራ ስለሆነ ከቅጂው ላይ ሲያወጡት የተራኪውን ደረት ይዞ ይወጣል። ሁሉም ነገር ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ማከማቻ) ላይ ነው። የቆዩ ሥራዎቼ ያሉበት ተንቀሳቃሽ ዲስክ ቀረጻ ካለቀ በኋላ ይሰካል።

ኬዙን ከጠረጴዛው በታች፣ ከማይክሮፎኑ ጀርባ በኩል አስቀምጬዋለሁ። ማይክሮፎኔ ከፊቱ የሚመጣውን ይሰማል፤ ጀርባው ደንቆሮ ነው። ከኬዙ እግሮች ሥር የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ አለ፤ የኮንዶሚኒየም ወለል ንዝረትን ያስተላልፋልና። ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከሥር ስለሆነ ወፍራም ምንጣፍ ወይም ብርድ ልብስ አታንጥፉ።

ውጤቱ? ኮምፒውተሩ ተከፍቶም ተዘግቶም የጀርባው ድምፅ መለኪያ ላይ ልዩነት አላይም፤ ከገደቤም በታች ነው። በጆሮ ማዳመጫ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ስፈልገው ብቻ የሩቅ ነፋስ የመሰለ ነገር አገኛለሁ። የጀርባ ድምፅ ማጽጃ ፕሮግራሙን መጠቀም ትቻለሁ፤ ድምፄ ሳይነካካ ይወጣል፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ግዢ ዋናው ትርፍ ይህ ነው።

ይህን ያህል ማውጣት ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ። ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የቢሮ ዴስክቶፖች አሉ፤ ብዙዎቹ ባለ65 ዋት ፕሮሰሰር የያዙ ናቸው፤ ለትረካ ይበቃሉ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፤ የደረቀውን ተርማል ፔስት ጠርጋችሁ አዲስ አድርጉ፤ አቧራውን አራግፉ። ፋን ለመቀየር ካሰባችሁ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ መሰኪያውን እዩ፤ አንዳንዶቹ የቢሮ ማሽኖች ባለ5 ወይም ባለ6 ሽቦ የሆነ የራሳቸው መሰኪያ አላቸው፤ የተለመደው ባለ4 ሽቦ ፋን አይገባባቸውም፤ የራሱን ፋን ሲያጣም ማሽኑ ሲነሳ የስህተት መልእክት ያወጣል።